አለፈበት ወይስ አላለፈበትም?

ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም. ዓርብ ማታ አማኑኤል ነበርኩ። አማኑኤልን ለማታውቋት፣ ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ መንገድ ላይ የምታገኟት የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የክረምት ብርዷ አጥንት ድረስ ይገባል። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ቅቅል ድንች ቀርቧል፤ ብርዱን የሚያስታግሠው ነገርም በየመለኪያው ተቀድቷል (ስሙን እዚህ ማንሳት አያስፈልግም)። ቴሌቪዥን ያለባት አንዲት ቤት ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ የአቴንስ ኦሎምፒክን የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ይጠብቃል። ውድድሩ እስኪጀመር ግን ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሙግት ይዟል።

የሙግቱ ርዕስ አንድ ነው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አልፎበታል ወይስ አላለፈበትም?

"አልፎበታል" የሚለውን ወገን የሚመራው አንድ መምህር ነበር። ማስረጃውን እንደ ትምህርት ሰሌዳ ላይ ነገር ይደረድራል። ዕድሜው 31 ደርሷል። የተረከዙን ጅማት አሞታል። አምና ፓሪስ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ ቀድሞታል። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ተቃራኒው ወገን ደግሞ ማስረጃ የሚባል ነገር አልያዘም፤ ሲድኒን ብቻ ነው የያዘው። "ቴርጋትን በዓይን ጥቅሻ የቀደመ ሰው!" ይላሉ። እውነትም በሲድኒ በኃይሌና በፖል ቴርጋት መካከል የነበረው ልዩነት 9 መቶኛ ሰከንድ ነበር።

ጥግ ይዘው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው የሚያዳምጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ሙግቱ ሲግል ቀስ ብለው ጠየቁ።

"ልጆቼ፣ ሰውዬው ራሱ ምን አለ?"

"እሱማ እሮጣለሁ ነው የሚለው አባቴ" አለ መምህሩ።

"ታዲያ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙግቱ ግን ቀጠለ። ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ውድድሩ ተጀመረ።

የሆነውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው እየሮጡ ዞር፣ ዞር ይሉ ነበር። ፍጥነታቸውን ቀነስ ያደርጉና ወደኋላ ያያሉ፤ ጋሼ ኃይሌ ይደርስብን ይሆን ብለው። አልደረሰም። በመጨረሻ ልጆቹ ጥለውት ሄዱ። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኤርትራዊው ዘርእሰናይ ታደሰ ሦስተኛ ሆኑ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ወርቅና ብር ያገኘች ሀገር አረቄ ቤት ውስጥ ያን ያህል ዝም ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚገርመው ደግሞ መምህሩ ነው። ሙግቱን አሸንፏል፤ "አላልኳችሁም?" ለማለት ሙሉ መብት ነበረው። አንገቱን ደፍቶ ድንቹን ይልጥ ጀመር።

አሸናፊው የማይደሰትበት ሙግት ምን ዓይነት ሙግት ነው? ስለ ኳስ ስንከራከር የረታ ሰው ሳምንት ሙሉ ይፎክራል። ስለ ፖለቲካ የረታ ሰው (ካለ ማለቴ ነው) ዓመት ይፎክራል። በዚህ ግን የሚፎክር የለም። ለእኔ ይህ የሚያሳየው ነገር አለ። በ"አለፈበት" ውስጥ ሁለት ጥያቄ ተሰፍቶ እንደ አንድ ይሸጥልናል። አንዱ "ያሸንፋል ወይ?" የሚል የግምት ጥያቄ ነው። ሌላው "ይወዳደር ወይ?" የሚል፣ የፈቃድና የመብት ጥያቄ ነው። መምህሩ የመጀመሪያውን መለሰና ሁለተኛውንም የመለሰ መሰለው። ሽማግሌው የጠየቁት ሁለተኛውን ነበር።

እስቲ ቃሉን ራሱን እዩት። ጊዜው አለፈበት የምንለው ለመድኃኒት ነው፤ ለታሸገ ወተት ነው፤ ለሱሪ ቁመት ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራው ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው ምንም አያደርግም፤ በላዩ ላይ ይታለፍበታል፣ እንደ መንገድ። መድኃኒት እንኳ ቀኑ ብልቃጡ ላይ ታትሞለታል። ሰው ላይ የታተመ ቀን የለም። ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ሜትር አሸንፎ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ የውጭ ጋዜጠኞችን ከወርቁ በላይ ያስጨነቃቸው ዕድሜው ነበር። 36 ነው ያለ አለ፣ 40 ነው ያለ አለ። እሱ ግን አልነገራቸውም። ዶሮዬንም በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ማለቱ እስካሁን ይነገርለታል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀልድ ይቆጥረዋል። እኔ ቀልድ አይመስለኝም። ዕድሜውን ቢነግራቸው ኖሮ በሚቀጥለው ውድድር ሰውዬውን ትተው ቁጥሩን ሊያዩ ነበር።

ወደ ግምቱ ልመለስ። "አለፈበት" ባዮች በግምት ጥበብ ያላቸው መዝገብ እንዲህ ነው። አቴንስ ላይ ያለፈበት ኃይሌ በ2000 መጀመሪያ በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን በ2፡04፡26 ሰበረ። በዓመቱ መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. እዚያው በርሊን ተመልሶ 2፡03፡59 ገባ፤ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዕድሜው 35 ነበር። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 1992 እ.ኤ.አ. ወርቅ ካጠለቀች 17 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ37 ዓመቷ፣ ጥቅምት 2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ያውም በመንገድ ላይ የደከመችውን ፓውላ ራድክሊፍን አይዞሽ፣ ነይ እያለች! ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ አመጣ።

ቀነኒሳስ? ያ አቴንስ ላይ ዞር እያለ ጋሼውን ሲጠብቅ የነበረው የ22 ዓመት ልጅ እሱም ተራው ደረሰው። ማራቶን ውስጥ ገብቶ አንዴ ያሸንፋል፣ አንዴ አቋርጦ ይወጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለመጨረስ ጥቂት ሲቀረው አቋረጠ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በገባሁበት ሻይ ቤት ሁሉ "አለፈበት" ይባላል። በዓመቱ በርሊን ላይ 2፡01፡41 ገባ። ከኪፕቾጌ ክብረ ወሰን የቀረችው ሁለት ሰከንድ ናት። ሁለት! ቀኑ ደግሞ መስከረም 18 ነው፤ ኃይሌ በ2001 ክብረ ወሰኑን የሰበረበት ያው የመስቀል ማግስት።

እዚህ ጋ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ስንደረድር ተመልሰው የመጡትን ብቻ ነው የምንቆጥረው። አልፎበታል ተብለው፣ እውነትም አልፎባቸው፣ ከሃምሳ ሰው ኋላ የገቡትን ስም ማን ያስታውሳል? ቡጢኛው ጆርጅ ፎርማን በ1994 እ.ኤ.አ. በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘርሮ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ዓለም አጨበጨበ። እሱን አይተው ጓንታቸውን ከሳጥን ያወጡ፣ ጥርሳቸውን አራግፈው ወደ ቤታቸው የተመለሱ አዛውንቶች ግን ጋዜጣ ላይ አልወጡም። ስለዚህ ከግምቱ የምወስደው ትምህርት ትንሽ ነው። "አለፈበት" የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ "አላለፈበትም" የሚሉትም እንደዚያው። ኃይሌ ላይ ሁለቱም ወገኖች ያልገመቱት ነገር ነው የሆነው፤ የመም ሩጫው አለፈበት፣ የጎዳናው ገና እየመጣለት ነበር።

የፈቃዱ ጥያቄ ነው የሚከብደው።

አንድ ሰው በገዛ እግሩ፣ አዘጋጁ ጋብዞት፣ ኒው ዮርክ ወይም ለንደን ሄዶ ልሩጥ ካለ እኛ ምን ቤት ነን? ሽማግሌው ትክክል ናቸው። ብሔራዊ ቡድን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ለኦሎምፒክ ማራቶን አንድ ሀገር የምትልከው ሦስት ሰው ነው። ሦስተኛውን ወንበር ስም ያለው ሰው ከያዘው አራተኛው ልጅ ቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ያያል። እኛ ሀገር ደግሞ አራተኛው ልጅ ማለት ሌላ ሀገር ቢወለድ አንደኛ የሚሆን ልጅ ነው። እዚህ ላይ "አክብሩት፣ ስንት ዓመት አገልግሏል" የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። ውለታ በሌላ ሰው ወንበር አይከፈልም። ሐውልት አቁሙለት፣ መንገድ ሰይሙለት፣ መሬት ስጡት፤ የልጁን ቦታ ግን አትስጡት።

ይህን ከማንም በፊት የተረዱት አትሌቶቹ ይመስሉኛል። ኃይሌ በግንቦት 2004 ዓ.ም.፣ በ39 ዓመቱ፣ ለለንደን ኦሎምፒክ ቡድን በሚመረጥበት የሄንግሎ 10 ሺህ ሜትር ውድድር ከልጆቹ ጋር ተሰለፈ። ሰባተኛ ወጣ። ቡድኑ ውስጥ አልገባም። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው "እኔ ኃይሌ ነኝ" አላለም፤ ሄዶ ተለካ። አንዳንዱ ሰው ያን ቀን ውርደት ብሎ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ለእኔ ከሲድኒው የሚያንስ ቀን አይደለም።

መለኪያው ሁልጊዜ እንደ ሄንግሎ የጠራ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ የማራቶን ቡድን ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ቀነኒሳ አሠራሩን ተቃውሞ አልተሳተፈም፤ ከቡድኑም ውጭ ሆነ። ተመርጠው የሄዱት ሦስቱም ማራቶኑን አቋርጠው ወጡ። "አያችሁ! እሱ ቢሄድ ኖሮ!" የሚለው ጩኸት ያን ሰሞን ለጆሮ አይመችም ነበር። ቢሄድስ? ማን ያውቃል? የሦስቱ ማቋረጥ የእሱን ብቃት አይመሰክርም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። ቀነኒሳ ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። በዚህ ሰዓት ለፓሪስ ተመረጠ። ነሐሴ 4 ቀን ፓሪስ ላይ 39ኛ ሆኖ ገባ። የ"አለፈበት" ወገን ደግሞ ተነሳ፤ "ምን ብላችሁ መረጣችሁት?" አለ። ምን ብለውማ፣ ከአራት ወር በፊት ለንደን ላይ ከአንድ ሰው በቀር ማንም ስላልቀደመው ነዋ! ወንበሩን በሰዓት ነው የገዛው። ውጤቱ መክፋቱ ምርጫውን ስሕተት አያደርገውም፤ ዝናብ ጠብቆ የዘራ ገበሬ በረዶ ቢመታው ሞኝ እንደማይባለው ሁሉ። እዚያው ውድድር ላይ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ የገባው ታምራት ቶላ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ አመጣ። ተጠባባቂ የነበረው ሰው!

ለነገሩ ይህ የወንበር ነገር በሩጫ ብቻ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት 60 ዓመት ሲሞላ ጡረታ ይወጣል። ሕጉ ወረፋ ማስያዣ ነው፤ ከኋላ የቆመ አለና ቦታ ልቀቅ ይላል፣ አበቃ። ጭንቅላትህ ደክሟል አላለም። ክፋቱ የሚመጣው ወረፋውን ወደ ፍርድ ስንለውጠው ነው። አንድ የማውቃቸው መምህር ጡረታ በወጡ በሳምንቱ፣ የገዛ ተማሪያቸው የሆነ ጎረምሳ ስለ ትምህርት የሚናገሩትን አቋርጦ "አባባ፣ እርስዎ አሁን ይረፉ" አላቸው። ዓርብ ዕለት አልጀብራ ያስተማሩ ሰው ሰኞ ስለ አልጀብራ መናገር አይችሉም እንዴ? ቦታውን መልቀቅ ሌላ፣ አፍን መዝጋት ሌላ።

ያን ማታ አማኑኤል ውስጥ፣ ከውድድሩ በኋላ፣ ሽማግሌውን ስለ በሬ ጠየቅኋቸው። ገበሬ ናቸውና ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ደጃቸው የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ እውነትም ነው። በሬ እንዳለፈበት በምን ያውቃሉ?

"ቀንበሩ ይነግርሃል" አሉኝ። "ከጥማዱ ጋር እኩል መሄድ ሲያቅተው ቀንበሩ ያጋድላል። ደግሞ ሥራ አለው እኮ። ወይፈን ስትገራ ከማን ጋር ነው የምትጠምደው? ከአሮጌው ጋር ነው። ፈሩን የሚያውቀው እሱ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እሸጠዋለሁ። ሥጋው ይፈለጋል።" ትንሽ ዝም አሉና "በሬ ነዋ! ሰው ይሸጣል እንዴ?" አሉ።

እንደ ቀልድ ያለፈችው ይቺ ነገር ቆይታ ነው የቆጠቆጠችኝ። ሽማግሌው በሬው እንዳለፈበት የሚያውቁት አብረውት ሲያርሱ ነው። ጭድ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ሲታመም የሚያዝኑት እሳቸው ናቸው፣ ጥቅሙም ጉዳቱም በደጃቸው ነው። እኛስ? ኃይሌን ቀለብነው? አብረነው እንጦጦ ወጣን? በጠዋት ተነስቶ ሲያነክስ ያየነው የለም። ከአንድ መለኪያና ከአንድ ቴሌቪዥን በቀር ያዋጣነው ሳይኖር ነው "ይብቃው" የምንለው። ደግሞ በአፋችን ለክብሩ ተጨንቀን ነው። "በክብሩ ይውረድ" እንላለን። የማን ክብር? ሰውዬው ቢሸነፍ የእሱ ወርቅ ካንገቱ አይወልቅም። የሚበላሸው እኛ በልባችን የሰቀልነው ፎቶግራፍ ነው። ሲድኒ ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲገባ ያለው ሥዕል ላይ ሌላ ሥዕል እንዳይደረብበት ነው የምንፈልገው። ልክ ነው፣ ያሳዝናል፤ ግን የእኛን ሥዕል ለመጠበቅ ሰውዬው ቤቱ ይቀመጥ ማለት ትንሽ አይበዛም? ኃይሌ በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ አቋርጦ እያለቀሰ ሩጫ አቆምኩ አለ፤ ብዙም ሳይቆይ አይ፣ እቀጥላለሁ አለ፤ ለመጨረሻ ያቆመው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። "አንዴ ከተናገረ ምን ያመላልሰዋል?" ያሉ ነበሩ። እግሩ የማን ነው?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሩጫ ይሠራል። ያረጀ ሯጭ የሚደርስበት የከፋ ነገር 39ኛ መሆን ነው። ኪፕቾጌ ፓሪስ ላይ ደከመው፣ ቆመ፣ ለተመልካች ጫማውን ሰጠ፣ ሄደ። ቡጢ ላይ ግን ሽማግሌው የጠየቁኝን ጥያቄ መልሼ ልጠይቃቸው እወዳለሁ። ሰውዬው ራሱ "እገባለሁ" ካለ፣ የሚቀበለውም በእግሩ ሳይሆን በጭንቅላቱ ከሆነስ?

በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ማይክ ታይሰን በ58 ዓመቱ ከ27 ዓመቱ ጄክ ፖል ጋር ቴክሳስ ውስጥ ተጋጠመ። ከዚያ በፊት በባለሙያ ደረጃ የተጋጠመው በ2005 ነበር። ግጥሚያው መጀመሪያ ሐምሌ ላይ ሊደረግ ታስቦ የታይሰን የጨጓራ ቁስለት ተነስቶበት ነው የተላለፈው። አስቡት፣ የጨጓራ በሽተኛ! ከግጥሚያው በፊት ባሉት ወራት እዚህ እኛ ሰፈር ሳይቀር አንድ ክርክር ብቻ ነበር፤ አልፎበታል፣ አላለፈበትም። "አንድ ቡጢ ካገኘው ያበቃለታል!" "ኧረ ወዲያ፣ አያት ናቸው!" ስምንት ዙር፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፤ ፖል በነጥብ አሸነፈ፤ ሰውም ተበሳጨ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የተሸጠው ዕቃ ግጥሚያው አልነበረም፤ ክርክሩ ነበር። ታይሰን እንደሚሸነፍ ሁላችን እርግጠኛ ብንሆን ማንም አይከፍትም፤ እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ብንሆንም እንደዚያው። ጥርጣሬያችን ነው ትኬቱ። አማኑኤል ላይ የተከራከርነው ለኃይሌ ምንም አላመጣበትም፤ በቡጢ ዓለም ግን የሻይ ቤት ተከራካሪ ራሱ ከደጋሾቹ አንዱ ነው።

የዚህ ሁሉ አባት መሐመድ ዓሊ ነው። ዓሊን የእኛ ትውልድ ይበልጥ የሚያስታውሰው በአትላንታ ኦሎምፒክ መክፈቻ ችቦ በያዘው የሚንቀጠቀጥ እጁ ነው። ከአሥር ቀን በኋላ እዚያው ስታዲየም ኃይሌ የመጀመሪያ የኦሎምፒክ ወርቁን አገኘ፤ ሁለቱ ነገሮች በልቤ አብረው ተቀምጠዋል። ዓሊ በ1974 እ.ኤ.አ. ኪንሻሳ ላይ ወጣቱን ፎርማንን ሊገጥም ሲሄድ አብዛኛው ሰው አልፎበታል ብሎ ነበር፤ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ያ ድል ነው የኋላ ኋላ የጎዳው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ማን "ይብቃህ" ብሎ አፉን ይከፍታል? የግል ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ ሞክሯል። በ1977 ከሻቨርስ ጋር ከተጋጠመ በኋላ ኩላሊቱ እየተጎዳ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ለዓሊና ለቅርብ ሰዎቹ ላከ። መልስ የሰጠው የለም። ሐኪሙ ሥራውን ለቆ ሄደ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1980 እ.ኤ.አ.፣ ዓሊ በ38 ዓመቱ ላስ ቬጋስ ላይ ላሪ ሆልምስን ሊገጥም ተነሳ። ሆልምስ ድሮ የልምምድ ጓደኛው የነበረ ልጅ ነው። ዓሊ ክብደቱን አራግፎ፣ ሽበቱን አጥቁሮ ብቅ ሲል ያየው ሁሉ "ያ የጥንቱ ዓሊ ተመለሰ!" አለ። ክብደቱን ያራገፈለት በከፊል ይወስደው የነበረ የታይሮይድ መድኃኒት መሆኑን ሰው ያወቀው በኋላ ነው። የኔቫዳ ግዛት የቡጢ ኮሚሽንም አስመርምሮ ፈቃድ ሰጠው። ስምምነቱ ሕጋዊ ነው፣ ገንዘቡ ብዙ ሚሊዮን ነው፣ ሰውዬው አዋቂ ነው፣ "እገባለሁ" ብሏል። ሽማግሌው ቢኖሩ "ታዲያ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?" ይሉን ነበር።

አሥር ዙር ሙሉ አንዱንም አላሸነፈም። ሆልምስ እየመታው ዳኛውን ያያል፤ አስቁመው እንዲለው። ከአሥረኛው ዙር በኋላ አሠልጣኙ አንጀሎ ደንዲ በቃ አለ። ቡንዲኒ ብራውን የሚባለው ረዳት፣ ዓሊን ለዓመታት በየጥጉ ሆኖ ሲያበረታታ የኖረው ሰው፣ የደንዲን ሹራብ ይዞ አንድ ዙር፣ አንዲት ዙር ብቻ ጨምርለት እያለ ለመነው። ሁለቱም ይወዱታል። ሁለቱም ከልጅነቱ አብረውት ነበሩ። ደንዲ እጁን አላቀቀና ለዳኛው አለቀ ብሎ ነገረው። ሆልምስ በኋላ ዓሊ ክፍል ሄዶ አለቀሰ።

ዓሊ ግን በዓመቱ ባሃማስ ሄዶ እንደገና ተጋጠመ።